በበረንዳችን የተከልነው ቅጠልና የአሥራት ትእዛዝ



በየቤታችን በረንዳ ላይ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ድንብላል፣ ጦስኝ በየዕቃው ተተክሎ እናያለን። ጤና አዳሙ ለቡና፣ ጦስኙ ለሻይ፣ በሶብላው ለሽሮና ለበርበሬ ይሆናል። ከሱቅ የምንገዛው የካሽሩት ማረጋገጫ ያለው አትክልት አሥራቱ ወጥቶለት ይደርሰናል። በቤታችን የበቀለውን ግን ከእኛ በቀር የሚያወጣለት የለም።

«አንድ ጭብጥ ቅጠል ነው፤ ለዚህ ደግሞ ምን አሥራት አለው?» የሚል ይኖራል። ጠቢባኖቻችን ግን ስለ አንዲት ቅጠልም አስበዋል። በሚሽና፣ ማዕስሮት በተባለው ክፍል ምዕራፍ 3፣ በግቢ ስለተዘራ ድንብላል ተጽፏል። ሰው አንድ አንድ ቅጠል እየቀነጠሰ ቢበላ ተፈቅዶለታል፤ አንድ ላይ ከሰበሰበ ግን አሥራት ሳያወጣ አይበላም። በዱር የሚበቅሉ እንደ ጦስኝ ያሉ ቅጠሎችም በግቢ ውስጥ ከተጠበቁ አሥራት አለባቸው። ጤና አዳምም በሽቪዒት ምዕራፍ 9 ስሙ ተጠቅሷል፤ ማንም ከማይጠብቃቸው ቅጠሎች ጋር ተቆጥሮ ከአሥራት ነጻ ሆኗል።

ከዚህ ምን እንማራለን? በሜዳ የበቀለው ባለቤት የለውም። ውኃ ያጠጣነው፣ የጠበቅነው፣ «የእኔ ነው» ያልነው ግን ግዴታ አለበት። ሰው «የእኔ» በሚልበት ሰዓት፣ ምድሪቱ የእግዚአብሔር መሆኗን እንዲያስታውስ ታዘዘ።

ይህ ለአባቶቻችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። በኢትዮጵያ ሳሉ ኦሪት እንዳዘዘች ከምርታቸው ለካህናት ይሰጡ ነበር። ሥርዓቱ ቢለይም ትእዛዙ ያው ነው። ኢየሩሳሌምን ሲናፍቁ የኖሩ እናት ዛሬ በአንድ ቆርቆሮ አፈር የቅድስት አገርን ትእዛዝ ይፈጽማሉ። ልጆች ሆይ፣ የእናታችሁን ቆርቆሮ አትናቁ!

አፈጻጸሙም እንዲህ ነው፦

ከቆረጥነው ቅጠል ከመቶ አንድ እጅ በጥቂቱ የሚበልጥ እንለያለን። በሲዱር ያለውን ቃል እንላለን፤ ማንበብ ለሚቸግራቸው የልጅ ልጅ ቃል በቃል ያስብላቸው። ያንን ጥቂት ቅጠል አንበላውም፤ በክብር ጠቅልለን እንጥለዋለን። በሽሚጣ ዙር በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ4ኛውና በ5ኛው ዓመት የሁለተኛው አሥራት ቅድስና ለዚህ በተለየ ሳንቲም ላይ ይተላለፋል፤ በ3ኛውና በ6ኛው ዓመት ለድሃ ይሰጣል። በሰንበት አሥራት አይወጣምና ለሰንበት የምንፈልገውን ዓርብ እናዘጋጅ።

ከታች ቀዳዳ ያለው ዕቃ እንደ ምድር ይቆጠራል፤ ቀዳዳ የሌለውም በጠቢባን ትእዛዝ አሥራት አለበት። የሚቀጥለው የሽሚጣ ዓመት 5789 ሲሆን፣ በመስከረም 2028 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይገባል። ያን ጊዜ ሕጉ ሌላ ነውና አስቀድመን የሰፈራችንን ራብ እንጠይቅ።

እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክ፤ ማዕዳችንን በበረከት ይሙላ። አሜን።