ስለ ሥጋ ድካምና ስለ ቤተ መቅደስ ክብር

ስኔሊንግ አቨኒው የሴንት ፖልን ከተማ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያቋርጥ ረጅም ጎዳና ነው፤ ፋሲካ የተባለው የአገራችን ምግብ ቤት የሚገኘው በዚሁ ጎዳና ላይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረው ኤ ላይን የተባለው አውቶቡስም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ መንገደኛውን ወደ ሚኒያፖሊስ ያሻግራል። በእሑድ ማለዳ ነጠላቸውን በወፍራም ካፖርት ሥር አጣፍተው ይህን አውቶቡስ የሚጠብቁትን አረጋውያን ያየ ሰው፣ ከመካከላቸው አንዳንዱ ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ውኃ እንዳልቀመሰ፣ ይህንንም ያደረገው ስለ ጾም ብቻ ሳይሆን በመንገድ ወይም በቅዳሴ መካከል ሽንቱ እንዳያመልጠው ፈርቶ እንደ ሆነ ሊገምት አይችልም።

እነዚህስ እንደ ምንም መጥተዋል። ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን በቤታቸው የቀሩት ሰዎች ነገር ነው። ስኳር ነርቩን የጎዳበት፣ ስትሮክ የመታው፣ ወይም በመኪና አደጋ ሕብለ ሰረሰሩ የተቀጠቀጠ ምእመን፣ ሽንቱን መቆጣጠር ሲሳነው ራሱን እንደ ርኩስ ቆጥሮ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይርቃል፤ ለንስሓ አባቱ እንኳ «አባቴ፣ ሽንቴ ያመልጠኛል፤ እንዲህ ሆኜ ልግባን?» ብሎ ለመጠየቅ አፉን እፍረት ይይዘዋል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ያለ ሰው ፈቃድ ከሰው ሥጋ የሚወጣው ፈሳሽ ሰውን ከእግዚአብሔር ፊት ያርቀዋልን?

ለዚህ ለመመለስ አስቀድሞ የሥጋን ሥርዓት መመልከት ይገባል፤ ፊኛ የባሕርይ ግብርና የሰው ፈቃድ የሚገናኙበት ሕዋስ ነውና። ሲሞላ የመሙላቱ መልእክት በወገብ ግርጌ ባሉት ነርቮች ገብቶ በሕብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ይወጣል፤ አንጎልም ጊዜውንና ስፍራውን መርምሮ ወይ ያቆየዋል ወይ ይለቀዋል። ሕፃን ይህን ሥልጣን ይዞ አይወለድም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይማረዋል እንጂ። ነርቩ በተጎዳ ጊዜ ግን መልእክቱ ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ፊኛው ወይ በገዛ ራሱ ይኮማተራል፣ ወይ መሙላቱን ሳይሰማ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ወይም ከሁሉ በከፋው ሁኔታ እርሱ ሲገፋ መውጫው ይዘጋና ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊትን ያጠፋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የበሽተኛው ፈቃድ የለበትም፤ ፈቃድ በሌለበትም ስፍራ ኃጢአት አይገኝም።

ይህን የምለው ከራሴ አመንጭቼ አይደለም። ለአገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ቀብቶ የላከልን ታላቁ አትናቴዎስ ለመነኩሴው ለአሙን በጻፈው መልእክት፣ ስለ ሕልመ ሌሊት ኅሊናቸው ለሚጨነቅ መነኮሳት መልስ ሲሰጥ፣ ከአፍንጫና ከአፍ የሚወጣውን፣ ከሆድም የሚወገደውን ሳይቀር በምሳሌ ጠቅሶ፣ ባሕርይ በግድ የሚያወጣው ነገር እንደ ኃጢአት ሊቆጠር እንደማይገባ ያስረዳል። የአትናቴዎስን ጳጳስ ተቀብሎ ሲኮራ የኖረ ሕዝብ ይህን ትምህርቱን ሊዘነጋው አይገባም ነበር።

የቤተ መቅደስን ክብር የሚጠብቁ አባቶች የሚያነሡት ተቃውሞ ግን ቀላል ስላልሆነ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ኦሪት በዘሌዋውያን 15 ፈሳሽ ያለበትን ሰው ታገልላለች፤ በዘዳግም 23 ደግሞ እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል ይመላለሳልና ሰው ከሰፈር ውጭ ወጥቶ ጉድጓድ ቆፍሮ እዳሪውን እንዲከድን ታዝዛለች። ሆኖም ቃሉን በጥንቃቄ ለሚያነብብ ሰው፣ ዘሌዋውያን ከቆጠራቸው ፈሳሾች መካከል ሽንት የለም፤ የዘዳግምም ትእዛዝ ሰፈሩ እንዲጸዳ እንጂ የታመመው ሰው እንዲባረር አይደለም። ልብሱን የጠበቀ፣ ዳይፐር የታጠቀ፣ ወይም የሽንቱን ከረጢት ከእግሩ ላይ አስሮ በሱሪው የሸፈነ ሰው የኦሪትን ጉድጓድ ተሸክሞ ይሄዳልና ትእዛዙን ፈጽሟል እላለሁ።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለን። ያው የዘዳግም ምዕራፍ 23 ገና ሲጀምር አባለ ዘሩ የተቀጠቀጠ ወይም የተቆረጠ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ኢሳይያስ ግን በምዕራፍ 56 ለጃንደረቦች በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ስፍራና ስም እንደሚሰጣቸው ይናገራል። ይህ ተስፋ በሥራ ተፈጽሞ የታየው በማን ላይ ነው? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የኢሳይያስን መጽሐፍ በሠረገላው እያነበበ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ፊልጶስ ባገኘው፣ ከመጠመቅ የሚከለክለው ነገር እንዳለ በጠየቀው፣ ምንም የሚከለክለው ባለመኖሩም በተጠመቀው በኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ላይ ነው። ክርስትናችንን የምንቈጥረው ከዚህ ሰው ነው፤ ስለዚህ በዚያው የሥጋ ክፍል ስለ ቆሰለ አንዱን ወንድማችንን ከደጅ ብናስቀር የምንክደው የገዛ ራሳችንን መነሻ ነው።

ሐኪምን መፈለግ ደግሞ እምነት ማጉደል አይደለም፤ በቀኖናችን የተቈጠረው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራልና፣ ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጥበት ምክንያት የለውም። ሕክምናው የፊኛውን ግፊት በመለካት ይጀምራል፤ ኩላሊት ሳይታወቅ ሊጎዳ ስለሚችል ይህ ምርመራ ሊዘለል አይገባውም። ከዚያ በኋላ ሰዓት ጠብቆ መሽናትን መልመድ፣ ፊኛውን የሚያረጋጉ እንደ ኦክሲቡቲኒን ወይም እንደ ሚራቤግሮን ያሉ እንክብሎችን መውሰድ ይከተላል፤ ከእነዚህ ኦክሲቡቲኒን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ በአረጋውያንም ላይ የአእምሮ መደናገር ሊያመጣ ይችላልና ልጆች አባታቸውን ሊከታተሉ ይገባል። ፊኛው በደንብ ባዶ የማይሆንለት ሰው በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ቀጭን ካቴተር ራሱ እያስገባ ሽንቱን ያወጣል፤ የሚሺጋኑ ሐኪም ጃክ ላፒደስ እ.ኤ.አ. በ1972 ለዚህ ሥራ በሚገባ የታጠበ እጅና ንጹሕ ቱቦ እንደሚበቃ ባስታወቀ ጊዜ ብዙዎች ቢጠራጠሩም፣ ከዚያ ወዲህ የብዙ ሰው ኩላሊት የተረፈው በዚህ ነው። እንክብል ላልረዳው ደግሞ ቦቶክስ በፊኛው ግድግዳ ይወጋለታል፤ ኃይሉ ወራት ቈይቶ ስለሚያልፍ ይደገማል።

በሚኒሶታ ለምንኖር ሰዎች ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 በሚኒያፖሊስ በአንድ ጋራዥ የተመሠረተው ሜድትሮኒክ የወገብ ግርጌ ነርቭን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃ መሣሪያ ሠርቶ በ1997 በአሜሪካ ተፈቅዶለታል፤ መሣሪያው ግን ለእያንዳንዱ የነርቭ ጉዳት የሚሆን አይደለም። ሽንትን የሚይዘውን ጡንቻ የሚተካው ሰው ሠራሽ መዝጊያም እንዲሁ፣ የሂዩስተኑ ሐኪም ብራንትሊ ስኮት ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከዊልያም ብራድሊና ከጄራልድ ቲም ጋር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጡት ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሽንት እንዳያመልጥ ብሎ ውኃ መተው ሽንቱን ያከብደዋል፤ የከበደው ሽንትም ፊኛውን ያስቈጣዋል፣ ጠጠርና ኢንፌክሽን ያስከትላል። የሐዋርያት ቀኖና የጾምን ሕግ ሲደነግግ የሥጋ ደዌ ያለበትን ለይቶ ያወጣዋልና፣ ውኃ እንዲጠጣ ሐኪም ያዘዘው ሰው ከንስሓ አባቱ ጋር ተማክሮ ይጠጣ።

በዚህ አገር ያላችሁ ካህናት አባቶቼ ሆይ፣ ይህን በምሥጢር ለሚጠይቃችሁ ብቻ አትመልሱ፤ የሚያፍር ሰው አይጠይቅምና። በዐውደ ምሕረት ቆማችሁ፣ ሽንቱን መያዝ የተሳነው በሽተኛ ንጽሕናውን እስከ ጠበቀ ድረስ እንዲገባ፣ እንዲያስቀድስ፣ በንስሓም ተዘጋጅቶ ሥጋ ወደሙን እንዲቀበል በግልጥ ንገሩት፤ ለመጸዳጃ ቤቱም ቅርብ የሆነውን ወንበር ለእርሱ ተዉለት።