ጉልቻው ሲለወጥ



በትንሣኤ ሰሞን ከይርጋ ጨፌ ከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የገበሬ ቤት ለቡራኬ ተጠርተን ሄድን። ቤቱ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ የኖረ፣ በእንሰትና በቡና የተከበበ አሮጌ ቤት ነው። የተጠራነው ግን ልጆቹ ከቡና ሽያጭ ባገኙት ገንዘብ ያደሱትን የእናታቸውን ማዕድ ቤት እንድንባርክ ነበር። በክህነት ዘመናችን መኖሪያ ቤት ባርከናል፤ ሱቅ ባርከናል፤ መኪናም ባርከናል። ማዕድ ቤትን ብቻ እንድንባርክ ስንጠራ ግን ይህ የመጀመሪያችን ነበር።

ወለሉ ሲሚንቶ ተደርጎበታል፤ በግድግዳው መስኮት ተከፍቷል፤ ጎንበስ ብለው ከሚያነዱበት ሦስት ጉልቻ ፋንታ ቆመው የሚሠሩበት ምድጃ ከነጭስ ማውጫው ተተክሏል። ከአሮጌው የቀረው በጥላሸት የጠቆረው የጣሪያው እንጨት ብቻ ነው። ያንን ጥቁር እንጨት ስናይ አፈርን። በዚያ ቤት ስንት ጊዜ ትኩስ ወሳ በጎመን ቀርቦልን በልተናል፤ «እጅዎ ይባረክ» ብለንም ወጥተናል። ያ እጅ በምን ዓይነት ጭስ ውስጥ እንደሚውል ግን አንድም ቀን ገብተን አላየንም ነበር።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። እንሰቱን፣ ቡናውንና የጥላ ዛፉን በአንድ ማሳ አስማምተው ያቆዩት አባቶች ምስጋና ይገባቸዋል። እንሰቱ ምግብ የሚሆነው ግን እናቶችና እኅቶች ፍቀው፣ አብላልተውና ጋግረው ሲያቀርቡት ነው። ዓለም ማሳውን አይቶ አደነቀ፤ ከማሳው ጀርባ ያለችውን ማዕድ ቤት ግን እኛ ራሳችን እንኳ አላየናትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት በተያያዘ ሕይወታቸው አልፏል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ2007 ዓ.ም. ስለ ጋራ ቤታችን በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት የማብሰያ ጭስ ሰዎችን እንደሚያሳምም ጠቅሰዋል። እንግዲህ ጭስን ማስወገድ ለይታይልኝ የሚደረግ ጌጥ አይደለም። «አትግደል» ከሚለው ትእዛዝ ጋር የሚያያዝ ግዴታ ነው። እንደ ምርጥ ያሉት ምድጃዎች ማገዶውንም በግማሽ ያህል ስለሚቀንሱ፣ የልጃገረዶቻችንን ሸክምና የዛፎቻችንን ጉዳት ያቃልላሉ።

ቡራኬው ሊጀመር ሲል የቤቱ እናት በአዲሱ በር ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አዩና ወደ እኛ ዘወር አሉ። «አባ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ምድጃውስ መልካም ነው፤ ዓይኔ አርፏል። በ2010 ወገኖቻችን ከጉጂ በኩል ተፈናቅለው ሲመጡ ግን ይህች ቤት በር እንጂ ቁልፍ አልነበራትም። ስንቱ እንደ በላባት አልቆጠርንም። አሁን ቁልፉ ለማን ነው?» አሉ። የበኩር ልጃቸው ለአዲሶቹ ዕቃዎች ጥበቃ መሆኑን ተናገረ፤ ከዚያም ዝም አለ።

እኛም ለዚያ ቀን ያዘጋጀነውን ስብከት ትተን የጴጥሮስን ሁለት እሳቶች አሰብን። ዮሐንስ ወንጌላዊ የከሰል እሳትን ሁለት ጊዜ ያነሣል። በመጀመሪያው እሳት ዘንድ፣ በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ ጴጥሮስ እየሞቀ ጌታውን ካደ። በሁለተኛው ዘንድ፣ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፣ ከሙታን የተነሣው ጌታ በገዛ እጁ ዓሣና እንጀራ አሰናድቶ ደቀ መዛሙርቱን ለቁርስ ጠራቸው። ጴጥሮስንም ስለ ፍቅሩ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ በጎቹንም እንዲመግብ አደራ ሰጠው። እሳቱ በሁለቱም ስፍራ ያው የከሰል እሳት ነው። በመጀመሪያው ዘንድ ጴጥሮስ ለራሱ ሞቀ፤ በሁለተኛው ዘንድ ሌሎችን ለመመገብ ተላከ።

እናታችን የጠቀሱት ምሳሌ እውነት የሚሆነው በዚህ ነው። ጉልቻው ሲለወጥ ሳንባ ይድናል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ፍቅር ካልታከለበት ግን ወጡ አይጣፍጥም። አዲስ ምድጃ ተተክሎ ውኃውና እንጨቱ ዛሬም በሴት ልጅ ጀርባ ብቻ ከመጣ፣ ወንድሞቿም ወደዚያች ቤት የሚገቡት ለመብላት ብቻ ከሆነ፣ የተለወጠው ሲሚንቶው ነው። ቤተ ክርስቲያን የጌታን ሥጋና ደም የምንቀበልበትን «ቅዱስ ማዕድ» ትለዋለች፤ ሕዝባችንም ምግብ የሚዘጋጅበትን «ማዕድ ቤት» ይለዋል። በእሑድ ማዕድ የቀረበ ሰው በሰኞው ማዕድ ቤት ማን እንደሚደክምና በደጁ ማን እንደቆመ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ካቴኪስቶቻችን ሆይ፣ በምትጎበኙት ቤት ሁሉ በትሕትና ፈቃድ ጠይቃችሁ ማዕድ ቤቱንም እዩ። የቡና ገንዘብ የገባላችሁ አባወራዎችም ከሳሎኑ ወንበር በፊት የጭስ ማውጫውን አስቡ።

ጸሎቱን ፈጽመን የተባረከውን ውኃ ከረጨን በኋላ፣ ያ የበኩር ልጅ ቁልፉን ከበሩ ላይ አውርዶ በእናቱ መዳፍ ላይ አኖረው። እርሳቸውም በመቀነታቸው ቋጠሩትና በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ቡና ሊያፈሉ ገቡ። እኛም በዚያ ቀን ቡናችንን የጠጣነው በማዕድ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠን ነበር።

በባሕር ዳር እሳት አንድዶ ደቀ መዛሙርቱን የመገበ ጌታ ቤቶቻችንን ይባርክ። አሜን።