በዓለ መጥቅዕና የነፊው ዕዳ

ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው ሁሉ መጥቅዕ የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ ዳሩ ግን ብዙዎቻችን እንደ ቍጥር ብቻ አድርገን እናልፈዋለን። ቃሉ የሚመታ ደወል፥ የሚነፋ መለከት ማለት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ23ኛው ምዕራፍ፥ በሰባተኛው ወር መጀመሪያ ቀን መለከት እየተነፋ ዕረፍት እንዲሆን ለእስራኤል ታዘዘ።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ቀን መለከት ነፍታ አታከብረውም፤ ነገር ግን ከሐሳቧ አላወጣችውም። ወንበሩን በ19 አባዝተን ሠላሳ ሠላሳውን ስንገድፍ የሚተርፈው መጥቅዕ ይባላል፤ ከ14 ቢበልጥ በዓሉ በመስከረም፥ ቢያንስ በጥቅምት ይውላል። የ2018 ዓ.ም. ወንበር 12 ነው፤ በ19 ቢባዛ 228፥ ቢገደፍ 18 ይሆናል። መስከረም 18 እሑድ ነውና የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመርበት መባጃ ሐመሩ 25 ይወጣል፤ ጾመ ነነዌም ጥር 25 ቀን ይገባል። እንግዲህ ቍጥሩ ከመለከቱ ቀን ተነሥቶ የሚያደርሰን ወደ ዘፈን ሳይሆን ማቅ ወደ ለበሰችው ወደ ነነዌ ነው። እኔ ይህን እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አድርጌ አላየውም።

ታዲያ መለከት ተነፍቶ ሕዝቡ ሳይነቃ ቢቀር ዕዳው የማን ነው? ነቢዩ ሕዝቅኤል በ33ኛው ምዕራፍ ሁለቱን ለይቶ ይፈርዳል፤ ጕበኛው ሰይፍ ሲመጣ አይቶ ዝም ቢል የጠፋው ሰው ደም ከእጁ ይፈለጋል፤ እርሱ ነፍቶ ሳለ ሰሚው ቸል ቢል ግን ደሙ በሰሚው ራስ ላይ ነው። ሦስተኛም ሰው አለ፤ ይኸውም የሚነፋ፥ ዳሩ ግን ድምፁ የምን እንደ ሆነ የማይለይ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ እንዲህ ያለው መለከት ማንንም ለጦርነት እንደማያሰናዳ ያስረዳል። የዚህ ሰው ዕዳ በእኔ ፍርድ ከዝምተኛው ይብሳል፤ ዝምተኛው ነፍቻለሁ ብሎ ራሱን አያታልልምና።

ይህን የምጽፈው በቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ሆኜ ነው። ወርቁን በሰም መሸፈን ጥበብ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በዐውደ ምሕረት ቆሞ ስለ ተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ የሚያስተምር ሰው፥ ነገሩን ሸፋፍኖ ተበዳዩም በዳዩም እኩል አድንቀውት ቢሄዱ፥ መለከቱ ለማን ተነፋ? ፋብሪካ በበዛበት በእኛ በአቃቂ ቃሊቲ ይህ የሩቅ ምሳሌ አይደለም።

ናታንስ ለዳዊት በምሳሌ ተናግሮ የለምን? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የድኻውን በግ ነገር ተረከለት። ነገር ግን ንጉሡ በገዛ አፉ ከፈረደ በኋላ፥ በዳዩ እርሱ ራሱ መሆኑን ፊት ለፊት ነገረው። ምሳሌው በሩን ለማስከፈት ነበረ፤ ነቢዩ ከደጅ አልተመለሰም።

ዛሬ በየደብሩ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ቃላችን ከቀድሞው ይልቅ ርቆ ይሰማል፤ ድምፁን ማብዛት ግን ድምፁን መለየት አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ በ10ኛው ምዕራፍ የተሠሩት የብር መለከቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱ ሲነፉ ማኅበሩ ሁሉ፥ አንዱ ሲነፋ አለቆቹ ብቻ ይሰበሰቡ ነበር፤ የጕዞው ድምፅ ደግሞ ሌላ ነው። ባለጠጋውን አስቀድሞ ለብቻው፥ በቤቱ ገብቶ መገሠጽ የአንዱ መለከት ሥራ ይመስለኛል፤ በጉባኤ መናገሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሁለቱንም እንዲነፉ የታዘዙት የአሮን ልጆች ካህናቱ ናቸው።