ቤቱን ከጓሮው በኩል እዩት

አዲስ ቤት የሠራ ሰው ዘንድ የሚሄድ እንግዳ «ቤት ለእንቦሳ» ብሎ ይገባል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይቀበላል። ከዚያ ጠላው ይቀዳል፣ ሁሉም የበሩን ብረት፣ የቀለሙን ድምቀት፣ የቆርቆሮውን ብልጭታ ያደንቃል። እኔ ግን መርቄ ስጨርስ ተነሥቼ ወደ ጓሮ እዞራለሁ። ከክዳኑ የሚወርደው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ፣ የግድግዳው እግር እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ ከራስጌው ያለው አፈር ምን ያህል እንደተጠጋ አያለሁ። ልጆች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ከሸመገልሁ ወዲህ በቤት ምክንያት ያስታረቅሁት ጠብ ሁሉ፣ ሲፈርስ ያየሁትም ግድግዳ ሁሉ፣ መነሻው በፊት ለፊት የሚታየው ነገር አልነበረም። የእኛ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው በሚታየው ላይ ገንዘቡን ያፈሳል፤ በማይታየው ላይ ይሰስታል። የማይታየው የምለው መሠረቱን፣ የውሃውን መንገድና በወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ስም ነው።

ከወረቀቱ ልጀምር፤ እርሱ ከተበላሸ ግድግዳው ቢጠነክርም ለሌላ ሰው ነው የሚጠነክረው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው በጉልበትና በገንዘብ የተሠራው ቤት ነው። እንግዲህ በነፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ፣ በአርብ ገበያም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ዳር አንዱ የእርሻ ማሳውን ሸንሽኖ «ቦታ ልሽጥልህ» ቢላችሁ፣ ገንዘባችሁን ሰጥታችሁ የምትቀበሉት የመንደር ውል ብቻ ነው። ሦስት ሽማግሌ ስለፈረመበት ሕግ አይሆንም። እኔም ፈርምልን ተብዬ እምቢ ስላልሁ ክፉ ሽማግሌ ተብያለሁ። ለእንጀራ ወደ አዲስ አበባ የወረዳችሁ ልጆቻችን ግን የዚህን ነገር መጨረሻ በዓይናችሁ አይታችኋል። በ2011 ዓ.ም. የካቲት በለገጣፎ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ከገበሬ ቦታ ገዝተው ያላቸውን ጥሪት ሁሉ ያፈሰሱ ሰዎች ሜዳ ላይ ቀርተዋል።

በሕግ የሚሸጥ ቤት ካገኛችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት እንዲፈጸም ያዛል። ካርታውን ሻጩ ሲያሳያችሁ አይታችሁ አትመለሱ፤ ራሳችሁ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ከማኅደሩ ጋር አስተያዩት። ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱ ትፈርም፤ «እሷ ታውቃለች» የሚባለው አይሠራም። ቀብድም ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ሐሳባችሁ ሳይቆርጥ በገበያ ቀን ሞቅታ፣ በጠላ ቤት ጨዋታ መካከል ብር አትቁጠሩ።

በእኛ አገር ከሁሉ የሚያስቸግረው የውርስ ቤት ነው። አባት ያርፋል፣ እናት ትከተላለች፣ ከአምስቱ ልጆች አንዱ ቤቱ ውስጥ ይቀራል። ሌሎቹ አንዱ መተማ ሰሊጥ አጨዳ፣ አንዷ ቤሩት፣ አንዱ አዲስ አበባ ናቸው። የቀረው ልጅ «የአባቴ ቤት ነው» ብሎ ይሸጣል፤ ገዢውም ጎረቤት ሁሉ ስለሚያውቀው ያምናል። ከዓመታት በኋላ የመተማው ይመጣና ድርሻዬን ይላል፤ እውነትም ድርሻው ነው። ወራሽነታቸው በፍርድ ቤት ተረጋግጦ ሁሉም ወራሾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው ካልፈረሙ፣ ዋጋው ቢረክስም ተዉት። እንዲያውም ዋጋው ለምን እንደረከሰ ይግባችሁ።

አሁን በተለይ ለእናንተ፣ ዐረብ አገር ላላችሁት ሴቶች ልጆቻችን። በዚህ አካባቢ ከተሠሩት የቆርቆሮ ቤቶች ስንቱ በእናንተ ላብ እንደቆመ እኛ ሽማግሌዎች እናውቃለን። እናንተ ትልካላችሁ፣ ወንድም ይሠራል፣ ካርታው በወንድም ስም ይወጣል። ወንድምሽ ሌባ ነው አላልሁም፤ አብዛኞቹ ጨዋ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ወንድምሽ ሚስት ያገባል። በቤተሰብ ሕጋችን በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ሀብት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የባልና የሚስት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። እነርሱ ቢፋቱ ወይም እርሱ ቢሞት፣ ያንቺ የስምንት ዓመት ድካም በማታውቂያት ሴትና በልጆቿ መካከል ይከፈላል፤ እርሷም ብትሆን ባሏ የሠራው ቤት ነው ብላ ኖራለች፣ አትፈረድም። የገንዘቡን ማስተላለፊያ ደረሰኝ በሙሉ አስቀምጪ፣ ቤቱንም በራስሽ ስም አስይዢ። ውክልና ስትሰጪ «ለማሠራትና ለመቆጣጠር» የሚል ይሁን። ቤት ለመሸጥ ወይም ዋስትና ለማስያዝ ሕጉ ልዩ ውክልና ይፈልጋል፤ ታዲያ ጸሐፊው በልማድ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» ብሎ የሚጨምራትን መስመር ሳታነቢ አትፈርሚ። እናትሽ «በወንድምሽ አታምኚም ወይ?» ብላ ልታለቅስ ትችላለች። አልቅሳ ትተወዋለች፤ የወንድምና የእህት ክስ ግን እንዲህ በቶሎ አይበርድም።

ወደ ቤቱ እንመለስ። ቤት ሊገዛ የሚፈልግ ሰው የሚመጣው በጥር ነው፤ እህሉ ገብቷል፣ ሠርጉም አለ፣ እጁ ላይ ገንዘብ አለ። በጥር ሁሉም ቤት ደህና ነው። ቤትም ሆነ ቦታ የሚታየው በነሐሴ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው ባደረ ማግሥት ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚተኛ፣ የጎረቤት ቦይ ወደ ማን እንደሚዞር ያን ቀን ይታያል። በነሐሴ መምጣት ካልቻላችሁ በሚያዝያ ኑና መሬቱን እዩ። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካለው ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ በላዩ ያለውን ግድግዳ ሲያነሣና ሲጥለው ይኖራል፣ ሲሚንቶውም ብረቱም አይመልሰውም። ጥቁሩን አፈር አልፋችሁ ጠንካራውን እስክታገኙ ቆፍሩ፤ በጣም ጥልቅ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

አገራችን ተዳፋት ናት። ከጉና፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ራስ ተነሥታ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ትወርዳለች። ስለዚህ ቤት ስንሠራ ዳገቱን ቆርጠን ነው የምንደለድለው። የጉዳቱም ምንጭ ይኸው ነው፤ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል የኋላው ግድግዳ ከተቆረጠው አፈር ጋር ይጣበቃል። የክረምቱ ውሃ በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ ግድግዳውን ከእግሩ ይበላዋል፤ ከባሰም አፈሩ ራሱ ተንሸራቶ ይመጣል። ከቤቱ ኋላ ሰው እንደልቡ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ተዉ፣ ከተቆረጠው አፈር ራስጌ ላይ ውሃውን ወደ ጎን የሚያወጣ ቦይ ቅደዱ፣ ቦዩንም በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ጥረጉ። ውሃው ጎረቤት ላይ እንዳይወርድ አስቡበት፤ ከምሸመግልባቸው ጠቦች እኩሌታው በዚህ ቦይ የተነሣ ነው።

ክዳን ግድግዳን ካዳነ ዘመን እንደማይገፋው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በድጓ ምስክርነቷ የታወቀችው የጋይንቷ ቤተልሔም አለችላችሁ። ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም በ1940ዎቹ ማብቂያ እዚያ ሲደርስ ከውጭ ያየው እንደማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ክዳን ነበር፤ ገብቶ ሲያይ ግን ውስጡ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። አባቶች ጥንታዊውን አላፈረሱትም፤ እንደ ጋቢ ሌላ ክዳን ደረቡበት እንጂ። እኛ ደግሞ ዛሬ ክፈፉን አሳጥረን ቆርቆሮ እንቆጥባለን። ክፈፉ ከግድግዳው ክንድ ያህል ወጣ ካላለ፣ ነፋሱ ዝናቡን አግድም እያመጣ ምርጊቱን ያጥበዋል። የላይ ጋይንትን ነፋስ የማያውቅ ሰው አናጢ አድርጋችሁ አትቅጠሩ።

ስለ ቆርቆሮ ነጋዴ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። የጌጅ ቁጥር ሲበዛ ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32ቱ ይወፍራል፣ ባለ 35ቱ ደግሞ በረዶ ሲጥል ቤት ውስጥ መነጋገርም አያስችል፣ ዕድሜም የለው። ምስማሩ ከነጎማው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይመታም። አሸንዳ አስገጥሙ። በስማዳና በታች ጋይንት ቆላ ያላችሁ፣ ውሃ በጀርባ የምታመጡ ሰዎች፣ ከአሸንዳው ሥር ሮቶ ወይም በርሜል ብታስቀምጡ ግድግዳችሁም ይድናል፣ የልጆቻችሁም ጀርባ ያርፋል። ቆላው ምስጥም አለበት፤ ምሰሶና ቋሚ ከወይራ ወይም ከጽድ ይሁን። ባሕር ዛፍ የግድ ከሆነ መሬት የሚገባውን ጫፍ ለብልቡት ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት። የምታሳድጉትን ባሕር ዛፍ ደግሞ ከቤቱ አርቁት።

የጭቃ ቤት ውርደት አይደለም። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት ከቦካ፣ የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት እስከ ጉልበት ከፍ ካለ፣ በየዓመቱ ክረምቱ እንዳለፈ በጥቅምት ስንጥቁ ከተመረገ፣ ልጅ ይድርበታል። ችላ ከተባለ ግን የዘንድሮዋ ጣት የማታስገባ ስንጥቅ በሚቀጥለው ክረምት የውሃ መግቢያ ትሆናለች።

መብራት የገባላችሁ፣ ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ ስባችሁ ምጣድ አትሰኩ። ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

ከሰሉ ግን ያስፈልገኛል። በጉና ዙሪያ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ነው፤ ሰው ማንደጃውን ከነፍሙ ይዞ መኝታ ቤት ይገባል፣ በርና መስኮት ይዘጋል። ድሮ የሣር ክዳን ይተነፍስ ነበር። አሁን ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ የተወጠረ፣ መስኮቱ ብረት ነው፤ ቤቱን ባሳመርነው ቁጥር አየር አጥብቀን ዘግተናል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ፍሙ አመድ ለብሶ ያለቀ ሲመስልም ይወጣል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ምልክቱ ነው፣ የተኛ ሰው ግን አይነቃም። ማንደጃው ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ። ደርቡ፣ ተቃቀፉ፣ ብርድ ልብስ ተበደሩ። አዲስ ቤት ስትሠሩም ከጣሪያው ሥር የማይዘጋ የአየር መውጫ አስቀሩ፤ አናጢው ረስቶት እንደሆነ ቤቱን ሳትረከቡ አስቀድዱት።

ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር ቀርቶኛል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲደርስ፣ ብዙ ሰው የለበሰውን ብቻ ይዞ ነው የወጣው። ካርታ፣ የይዞታ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ የሽያጭ ውል በአንድ ሳጥን ውስጥ አብረው ከሆኑ አብረው ይጠፋሉ። ገልብጣችሁ አንዱን ቅጂ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ እጅ አኑሩ፤ ሁሉንም በስልክ አንሡና ለልጆቻችሁ ላኩ። በክልላችን የገጠር ይዞታ ደብተር የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ እንዲኖረው ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ታዲያ ደብተሩ የት እንዳለ የሚያውቀው ባል ብቻ የሆነበት ቤት ዛሬም ብዙ ነው። ዛሬ ማታ አውጡና ለሚስቶቻችሁ አሳዩ፤ የእርሷ ስም ተሳስቶ የተጻፈ እንደሆነም ሰኞ ወረዳው መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ አስተካክሉ።