ውሻ እንደሚመለስ፦ የአንድ አልበም አንድምታ

በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት በኖክስቪል ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 «ፕሌስ ኦፍ ስከልስ» የሚባል የሜታል ቡድን ተቋቋመ። መሪው፣ ጊታር መቺውና ድምፃዊው ቪክተር ግሪፊን ነው፤ ክርስትናውንም አይሸሽግም። በ2010 ያወጡትን አልበም «አዝ ኤ ዶግ ሪተርንስ»፣ «ውሻ እንደሚመለስ» አሉት። ስሙን ከነዜማው እንደ ንባብ ዘርግተን ትርጓሜውን እንከተል።

ፕሌስ ኦፍ ስከልስ አለ፤ የራስ ቅል ስፍራ ሲል ነው፤ ይኸውም ቀራንዮ። ቀራንዮ ስለምን በዚህ ስም ተጠራ ቢሉ፣ ወንበዴዎች የሚሰቀሉበት፣ አጥንታቸው የሚወድቅበት ነውና። አንድም ኮረብታው የራስ ቅል ይመስላልና። አንድም የአዳም ራስ ከዚያ ተቀብሯልና፤ የጌታ ደም ከመስቀሉ ወርዶ ነካው እንዲሉ አበው። ለቡድኑም እንዲሁ ነው፤ ዱም የሚባለው የሜታል ዘርፍ ሞትንና ፍርድን የሚያወሳ ነውና በሞት ስፍራ ተጠሩ። አንድም ሞት በሞት የተሻረው በዚያ ነውና ተጠሩ፤ በ2002 የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን «ኔይልድ»፣ የተቸነከረ፣ ማለታቸው ይህን ያጸናል።

ዜማው ከባድ፣ አካሄዱ ዘገምተኛ ነው። ምነው እንዲህ ከበደ ቢሉ፣ ሐተታ፦ ነገሩ የተጀመረው በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ነው። የብላክ ሳባዝ ቡድን ጊታር መቺ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ፣ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ፣ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ማሽን ቆረጠበት። ግራኝ ነውና ክር የሚጫንበት እጁ ይኸው ነበር። በጣቶቹ ላይ ቆብ ሠርቶ አጠለቀ፤ ኋላም የጊታሩን ክሮች አላላ፤ በ1971 «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» በተባለው አልበም በአንዳንዶቹ ዘፈኖች መቃኛውን በ3 ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረገው። ድምፁም ወፈረ፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡ የዱም ቡድኖች ሁሉ፣ ግሪፊንም ጭምር፣ ከዚህ ቀዱ።

እንግዲህ ክብደቱ የኃጢአት ሸክም ነው። አንድም የሐዘንተኛ እርምጃ ነው፤ ንስሐ የገባ አይቸኩልምና። አንድም ከቁስል የወጣ ኃይል ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲነቀልለት ለምኖ በድካሙ ውስጥ ኃይል እንደተሰጠው። እንደ ጭቃ ከወፈረው የጊታር ድምፅ በላይ ደግሞ ጥርት ያለ ዜማ ይሰማል። ጭቃው ከመሬት የተበጀ የአዳም ሥጋ ነው፣ ዜማውም እፍ የተባለበት እስትንፋስ። አንድም ጭቃው ዓለም፣ ዜማው ጸሎት ነው።

ውሻ እንደሚመለስ አለ። ቃሉ ከመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 26 ቁጥር 11 የወጣ ነው፤ ሰሎሞን ስንፍናውን የሚደጋግመውን ሰነፍ ወደ ትፋቱ በሚመለስ ውሻ መስሎ ተናገረበት፤ ጴጥሮስም በሁለተኛው መልእክቱ የጽድቅን መንገድ ካወቁ በኋላ ለሸሹት አደረገው። አንድም ስለ ሱስ ነው፤ ግሪፊን ከሱስ ጋር መታገሉን ራሱ በአደባባይ ተናግሯልና። አንድም ስለ ሙያው ነው፤ ቀድሞ «ፔንታግራም» በሚባል ቡድን ውስጥ ነበር፤ በ1985 የወጣውን የቡድኑን የመጀመሪያ አልበም ተጫውቶበታል። ትቶት ወጣ፤ «ውሻ እንደሚመለስ» በወጣበት በ2010 ተመልሶ ገባ፤ በ2011ም «ላስት ራይትስ»ን አብሯቸው ሠራ። ይህስ ወደ ትፋት መመለስ አይደለምን ቢሉ፣ ነው የሚል ከምሳሌው ቃል አልወጣም፤ ሰው ከወጣበት ቤት ሌላ ሰው ሆኖ ይገባል የሚልም አልተሳሳተም።

አንድም ውሻ ወደ ጌታው ይመለሳል። በወንጌል ከነናዊቱ ሴት ውሻ መባልን ሳትጠላ ከማዕዱ የሚወድቀውን ፍርፋሪ ለመነች፣ እምነቷም ተመሰገነላት፤ እንደ እርሷ ያለውን መመለስ ሲል ነው።

ራስን ውሻ ብሎ መጥራት ነውር አይደለምን ቢሉ፣ ሰብዓ ሊቃናት በተረጎሙት መጽሐፈ ምሳሌ ከዚህ ቃል ቀጥሎ ስለ ሁለት ዓይነት ኀፍረት የሚናገር አለ፤ በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 4ም ይገኛል፤ አንደኛው ኀፍረት ሰውን ወደ ኃጢአት ይስበዋል፣ ሁለተኛው ያከብረዋል። የመጀመሪያው ውድቀቱን ሸሽጎ እንዲደጋግመው ያደርጋል፤ ሁለተኛው በአልበሙ ልባስ ላይ ጽፎ ለገዢ ሁሉ ያሳየዋል። ስለዚህ መመለሱ ወደ ትፋት ነው ቢሉ ለኃጢአት፣ ወደ ማዕድ ነው ቢሉ ለንስሐ ይስማማል፤ ሁለቱም ከአንድ ንባብ የወጡ ናቸውና አይጣሉም።