ስንት ሰው አየው?

 

ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት መስጊዱ በር ላይ ጠበቀኝ። ጫማዬን እስካደርግ ታገሰኝና ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ከሦስት ወር በፊት ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍቷል። ስለ ሶላት፣ ስለ ወላጅ ሐቅ፣ በንግድ ውስጥ ስላለው ሐላልና ሐራም አጫጭር ጽሑፎችን ይጽፋል። እዚያው ቆሜ ሁለት ሦስቱን አነበብኩለት። ማሻአላህ፣ ልጁ መጻፍ ይችላል።

«ጋሼ፣ ያሉኝ 43 ሰዎች ብቻ ናቸው» አለኝ። «አምስት ሲገባ ሦስት ይወጣል። ሰው እንዲመጣና እንዲቆይ ምን ላድርግ?»

ገና አፌን ሳልከፍት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ጨመረ። «ደግሞ... ከለጠፍኩ በኋላ ስንት ሰው አየው እያልኩ በየደቂቃው እከፍተዋለሁ። ሱብሒ ስነሳ እንኳ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ይሄ ሪያእ አይደል? ብተወው አይሻልም?»

የመጀመሪያው የሙያ ጥያቄ፣ ሁለተኛው የልብ ጥያቄ መስሎኝ ለየብቻ ልመልስለት ነበር፤ ግን ቶሎ አልመጣልኝምና «አስብበት» ብዬው ተለያየን። ዛሬ ጠዋት ሱረቱል ካህፍን ስቀራ መጨረሻዋ ላይ ቆምኩ። ልፋታቸው ሁሉ ጠፍቶ ሳለ መልካም የሠሩ የሚመስላቸው ሰዎች እዚያ አሉ። የመጨረሻዋ አንቀጽ ደግሞ ጌታውን መገናኘት የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር እንዲይዝ ታዛለች፦ ሥራው መልካም ይሁን፣ በአምልኮው ውስጥም ማንንም አያጋራ። ሥራን ማሳመርና ለማን እንደሠሩት ማወቅ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተጣምረው መጥተዋል። የልጁ ሁለት ጥያቄዎችም የሚለያዩ አልመሰለኝም።

እስቲ ከሶፋ ኮረብታ እንጀምር።

የቅርብ ዘመዶቻቸውን እንዲያስጠነቅቁ የሚያዘው የሱረቱ ሹዐራእ አንቀጽ በወረደ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶፋ ላይ ወጡ። በዐረቦች ልማድ ጠላት ሲመጣ ያየ ሰው ከፍታ ላይ ወጥቶ ይጣራል፤ እሳቸውም በዚያ የታወቀ ጥሪ ተጣሩ። ጎሳዎቹን በየስማቸው ጠሩ። ሰው ተሰበሰበ፤ ራሱ መምጣት ያልቻለ እንኳ ምን እንደተፈጠረ አይቶ እንዲነግረው ሰው ላከ። ከዚያ በጥያቄ ጀመሩ፦ ከዚህ ተራራ ጀርባ ሊወርሯችሁ የተዘጋጁ ፈረሰኞች አሉ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አዎን፣ ካንተ ውሸት ሰምተን አናውቅም አሉ። ያን ጊዜ ነው ዋናውን መልእክት የነገሯቸው። አቡ ለሀብ ለዚህ ነው የሰበሰብከን ብሎ ተራገመ፤ ሱረቱል መሰድም ወረደች። ታሪኩ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል።

ለሚጽፍ ሰው ከዚህች ቀን የሚበልጥ ትምህርት አላውቅም።

በመጀመሪያ፣ ለመሰማት መፈለግ በራሱ ነውር አይደለም። ነቢያችን ድምፅ የሚደርስበትን ቦታ መረጡ፣ ሰው የሚያውቀውን ጥሪ ተጠቀሙ፣ በስም ጠሩ፣ አድማጩ ራሱ አፉን ከፍቶ በሚመልሰው ጥያቄ ጀመሩ። ከእኛ መካከል «እኔ ለአላህ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ሰው አነበበው አላነበበው ግድ የለኝም» የሚል አለ። ጽሑፉን ስታዩት አንቀጽ የለው፣ ነጥብ የለው፣ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅ። ወንድሜ፣ ለአላህ ያልከው ሥራ ለሰው ከምትሠራው ያነሰ መሆን አለበት እንዴ? ይህ አንዳንዴ ዙህድ የለበሰ ስንፍና ነው። (እኔም ለብሼው ስለማውቅ ነው።)

ሁለተኛ፣ ጥሪው የአደጋ ጥሪ ነበር፤ አደጋውም እውነት ነበር። ዛሬ ስልካችንን ስንከፍት ሁሉም ሰው ሶፋ ላይ ወጥቶ ይጮሃል። «ጉድ ነው!»፣ «ይህን ሳታዩ እንዳትተኙ!»፣ «ለአሥር ሰው ያላስተላለፈ...»። ገብተን ስናይ ከተራራው ጀርባ ምንም ፈረሰኛ የለም፤ አንዲት ሁላችንም የምናውቃት ምክር ናት። ርዕስን ማሳመርና ርዕስን መዋሸት ለየቅል ናቸው። መለያው ቀላል ነው፤ አንባቢው ጨርሶ ሲወጣ በርዕሱ የተባለውን አግኝቷል ወይስ አላገኘም? ካላገኘ ዕቃውን ከላይ አሳምሮ ከታች የበሰበሰውን እንደሚሸጥ ነጋዴ ሆነናል። ነቢያችን በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥብ ሲያገኙ ለባለቤቱ ያሉትን ታውቃላችሁ። ያ ልጅ ስለ ንግድ የጻፈው ለራሱም ይሠራል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ሰዎቹ ተሰብስበው እናምንሃለን ያሉት በዚያ ቀን ንግግር ማማር አልነበረም። አርባ ዓመት አብረዋቸው ኖረው ስለሚያውቋቸው ነው። አዲስ ጸሐፊ ያ የለውም፤ ስለዚህ አመኔታን በየጽሑፉ ጥቂት በጥቂት ማጠራቀም አለበት። በረጀብና በሻዕባን ወራት ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞሩትን መሠረት የሌላቸው «ሐዲሶች» አስቡ። አንዷን ሳያጣራ የለጠፈ ሰው ያን ቀን ብዙ ተመልካች ያገኝ ይሆናል። በማግስቱ አንድ ደረሳ መጥቶ ይህ መውዱዕ ነው ሲለው ግን ከዚያ በፊት የጻፈው እውነት ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል። የሰማውን ሁሉ ማውራት ብቻውን ሰውን ውሸታም ለማድረግ እንደሚበቃ ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ያስጠነቅቃል። ከተሳሳትክ ደግሞ በዝምታ አትሰርዝ። ተሳስቼ ነበር፣ ትክክሉ ይህ ነው ብለህ እዚያው ጻፍ። ሰው ከቻናል የሚወጣው ጸሐፊው ስለተሳሳተ ብቻ ይመስላችኋል? ስለደበቀም ይወጣል።

አራተኛ፣ ሰዎቹ ተበተኑ። መልእክቱ ግን አልተለወጠም። የሚታይ ቁጥር ሚዛን ቢሆን ኖሮ ያቺን ቀን ምን ልንላት ነበር? አስተግፊሩላህ።

ሰው እንዲቆይ የሚያደርገውን ነገር በተመለከተ ሰለፎቻችን የተዉልን ብዙ ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ሰዎችን በየሐሙሱ ይመክሩ ነበር። አንድ ሰው በየቀኑ ቢመክሩን ብሎ ቢጠይቃቸው እንዳላሰለቻችሁ ፈርቼ ነው አሉት፤ ነቢያችንም እኛ እንዳንሰላች ጊዜ ይመርጡልን ነበር ብለው። ልብ በሉ፣ ጠያቂው ጨምሩልን እያለ ነው። እሳቸው ግን የዛሬውን ጉጉት ሳይሆን የነገውን መሰልቸት አዩ። እኛ ቻናል በከፈትን በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አምስት እንለጥፋለን፣ በሁለተኛው ወር እንጠፋለን። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ሁላችንም በቃል እናውቃለን፤ ለጽሑፍ እንደሚሠራ ግን አናስብም። ሐሙስ ከሆነ ሐሙስ፣ ጁምዓ ከሆነ ጁምዓ። አንባቢ ቀጠሮ የሚያከብርለትን ሰው ይጠብቃል።

ዓኢሻ (ረ.ዐ) ስለ ነቢያችን አነጋገር ሲናገሩ ቃላቱን ሊቆጥር የፈለገ ሰው መቁጠር ይችል ነበር ብለዋል። የሶላት መርዘምና የኹጥባ ማጠር የሰውየው ግንዛቤ ምልክት መሆኑም በሙስሊም ዘገባ አለ። (የዛሬ ኹጥባችንን አላነሳም።) ዐሊ (ረ.ዐ) ደግሞ ሰዎችን በሚረዱት ልክ እንድናናግር አሳስበዋል። ይህን ስል የወሎ ዑለማዎች ትዝ ይሉኛል። ዐረብኛውን የጠገቡ፣ ነሕውና ፊቅህ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን እረኛውና ባልቴቷ እንዲረዱ በአማርኛ መንዙማ አወጡ፤ አማርኛውንም በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ ጻፉት። ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር ከነዚህ አንዱ ናቸው። እነሱ ያን ያህል ዝቅ ብለው እኛ አንዲት ኪታብ ሳንጨርስ በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ሰባት ያልተተረጎመ የዐረብኛ ቃል እንደረድራለን። እናትህ ስታነበው የማይገባትን ጽሑፍ እንደገና ጻፈው፤ እሷ ካልገባት ወደ ጎረቤቷ አታደርሰውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ልጁ ልተወው ወይ ያለው።

ኢማሙል ገዛሊ በባግዳድ ኒዛሚያ ሦስት መቶ ያህል ደረሶችን ያስተምሩ ነበር። በዘመኑ ከዚያ የሚበልጥ የማስተማሪያ ወንበር አልነበረም ማለት ይቻላል። አል-ሙንቂዝ በተባለው መጽሐፋቸው እንደነገሩን በማስተማር ኒያቸው ላይ ሲመረምሩ ለአላህ ብቻ የጠራ ሆኖ አላገኙትም፤ የገፋፋቸው ዝናና ክብር ፍለጋ ነበር። ለወራት ልሂድ ልቅር ሲሉ ቆዩ። አንደበታቸው ተያዘ፣ ማስተማር አቃታቸው። በ488 ዓመተ ሂጅራ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1095፣ ሁሉን ጥለው ወጡ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ስለዚህ መደምደሚያው «ተወው» የሚል ይመስላል። ነገር ግን ከ11 የሂጅራ ዓመታት በኋላ፣ በ499፣ ገዛሊ በነይሳቡር ተመልሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ያው ማስተማር፣ ያው ደረሳ። እሳቸው ግን ይህ መመለስ አይደለም ይላሉ፤ በፊት ክብር የሚገኝበትን ዕውቀት አስተምር ነበር፣ አሁን ክብር የሚተውበትን አስተምራለሁ ዓይነት ነገር። ሥራው አንድ ሆኖ ባለቤቱ ተለወጠ። እርግጥ ሁላችንም አሥራ አንድ ዓመት መሰወር አንችልም፤ የቤት ኪራይም አለ። ደግሞም ለሰው ሲባል ሥራን መተው ራሱ ሪያእ ነው የሚለው የፉደይል ኢብኑ ዒያድ አነጋገር የታወቀ ነው። ሰው ምን ይለኛል ብሎ የሚጽፍና ሰው ምን ይለኛል ብሎ የሚተው ሁለቱም ዓይናቸው ያለው ሰው ላይ ነው።

እንዲያውም አንድ ሰው መልካም ሠርቶ ሰዎች ቢያመሰግኑትስ ተብለው ሲጠየቁ ነቢያችን ያ ለሙእሚን የተቻኮለች ብሥራት ናት ማለታቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። ስለዚህ ተወዶልህ መደሰትህ አያጠፋህም። የሚያስፈራው ያቺው ብሥራት ዋጋህ ሆና ስትቀር ነው። በቂያማ ቀን መጀመሪያ ከሚፈረድባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ዐሊም ነው እንዲባል የተማረው ነው፤ ተብሏልም ይባላል። ተብሏል፤ ሒሳቡ ተዘግቷል።

እንዴት ይለያል? ኢማሙ ሻፊዒይ ሰዎች ዕውቀታቸውን ተምረው አንድ ፊደል እንኳ ወደሳቸው ባይጠጋ እንደሚወዱ ተናግረዋል። ይህን በራሴ ላይ ሞከርኩት። እኔ የጻፍኩትን ሐሳብ ሌላ ወንድም ከእኔ በተሻለ ጽፎት ብዙ ሺህ ሰው ቢያነበውስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሙሉ በሙሉ አልደሰትም። ትንሽ ይቆረቁረኛል። የሚቆረቁረኝ ስላለ ግን መጻፌን አላቆምም፤ ያቺን መቆርቆር እያየሁ፣ የወንድሜን ጽሑፍ በስሙ ለሌሎች አጋራለሁ። ጣቴ እየከበደኝም ቢሆን።

ሐሙስ ማታ ከዒሻ በኋላ ልጁን አገኘሁትና ከዚህ ያነሰውን ነገርኩት። ደግሞ ስለ ሱረቱ ዐበሰ አነሳሁለት። ነቢያችን የቁረይሽ ታላላቆች እስልምናን እንዲቀበሉ ጓጉተው ሲያናግሯቸው ዓይነ ስውሩ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ሊማሩ መጡ። ያን ጊዜ የወረደውን ታውቃላችሁ። ነቢያችን የፈለጉት ለዲኑ የሚበጅ ነገር ነበር፤ ቢሆንም ፈልጎ የመጣው አንዱ ሰው ገና ካልመጡት ብዙዎች ሐቅ አለው ተባለ።

«ከ43ቱ ውስጥ የጻፈልህ ሰው አለ?» አልኩት።

አሰበ። «አንዲት እናት አሉ። የልጃቸው ስልክ ላይ ሆነው ስለ ቀዷ ጾም በድምፅ ጠይቀውኛል።»

«ምን አልካቸው?»

ዝም አለ። ዘጠኝ ቀን ሆኗል። የቻናሉን ምስል እየቀየረ፣ ርዕሶቹን እያሳመረ ሳይመልስላቸው ቀርቷል። መልሱን እንደማያውቅም ጨመረ፤ ኡስታዙን መጠየቅ ነበረበት።

ኡስታዙ ገና ከመስጊድ አልወጡም ነበር። ልጁ ጫማውን እንደገና አውልቆ ገባ።