ወደ ገበያ ከመውጣት በፊት ጓዳን ስለ መክፈት

ምስጋና ሁሉ ዝናምን በልክ ላወረደ፣ እህልንም ከምድር ላበቀለ፣ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ የአላህ ባሮች ሆይ! እናንተንም ራሴንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ። ዛሬ የምናገረው ነገር ከማጀት የሚነሣ ስለ ሆነ ትንሽ መስሎ አይታያችሁ። ሰው በፍርድ ቀን ስለ ገንዘቡ፣ ከወዴት እንዳገኘውና በምን እንዳዋለው ይጠየቃል፤ ጓዳም የገንዘብ መዋያ ነው።

የነቢዩ ዩሱፍን ታሪክ አስታውሱ። የምስር ንጉሥ ሰባት የሰቡ ላሞችን ሰባት የከሱ ላሞች ሲበሏቸው በሕልሙ ባየ ጊዜ፣ ዩሱፍ (ሰላም በርሳቸው ላይ ይሁን) ፍቺውን ከነመድኃኒቱ ነገሩት። የታጨደው እህል፣ ለመብል ከሚሆነው ጥቂት በቀር፣ ከነዘለላው ይቀመጥ ዘንድ መከሩ። ከዚህም ሁለት ትምህርት እናገኛለን፤ አንደኛው፣ ማስቀመጥ በአላህ ላይ መመካትን የማያፈርስ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛውም፣ በጥጋብ ዘመን እንኳ መብል በልክ ሊሆን የሚገባው መሆኑ ነው። ነቢያችንም ለቤተ ሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደ ነበር በትክክለኛ ሐዲስ ተዘግቧል።

ደግሞም አንድ ቀን ከቤታቸው ማባያ ቢጠይቁ፣ ከኾምጣጤ በቀር ምንም የለም ተባሉ። እርሳቸውም ሰው ወደ ገበያ አልላኩም፤ ኾምጣጤውን አስመጥተው እያመሰገኑት በሉ እንጂ።

እኛስ እንዴት ነን? ከጉና ተራራ ሥር በገሳይ፣ በፋርጣና በጋይንት የምንኖር ሰዎች ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተርና ድንች የምትሰጥ ምድር አለችን። ነገር ግን በታኅሣሥና በጥር፣ አውድማው ተነሥቶ እህል በሚረክስበት ጊዜ፣ ለዕዳና ለድግስ ብለን እንሸጣለን፤ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲጐድል ያንኑ እህል በውድ ዋጋ መልሰን እንገዛለን። እንግዲህ በጥር የሸጥነው የልጆቻችንን የክረምት ምሳ ነበር ማለት ነው።

በደብረ ታቦር ከተማ የሚኖረውም ወንድማችን የራሱ ፈተና አለው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብራችን በውጭ ገንዘብ ፊት ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘይትን ለለመደ ድስት ይህ ከባድ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ጋይንት በገባ ጊዜ እንዳየነው ደግሞ፣ መንገድ ሲዘጋ ገንዘብ ይዞ ገበያ መውጣትም ከንቱ ይሆናል። ያን ጊዜ ቤተ ሰብን የሚያቆየው በጎታ ያለው ገብስና በማሰሮ ያለው ሽሮ ነው።

እኔ ራሴ ከዚህ ነቀፋ አልነጻሁም። በአንድ ክረምት ማጀቱን ሳልጠይቅ ከሱቅ በዱቤ ምስርና ማካሮኒ እያመጣሁ ከረምሁ። ባለቤቴ በጳጉሜን ቤቱን ስታጸዳ ከጎታው ሥር አንድ ቁና የሚያህል አተር አገኘች፤ ነቀዝ በልቶ ገለባ አድርጎት ነበር። እርሷም «ነቀዝ ከሚበላው በሐምሌ ለጎረቤታችን ልከነው ቢሆን ምን ነበር?» አለችኝ። ጎረቤታችን ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። እኔ በመስጊድ ስለ ምጽዋት ሳስተምር፣ የእርሷ ድርሻ በቤቴ ውስጥ ይነቅዝ ነበር፤ የሱቁም ዕዳ እስከ ኅዳር አላለቀልኝም።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ ወደ ገበያ ከመውጣትህ በፊት ጓዳህን ክፈት፤ ከቤትህም እመቤት ጋር ተማከር፤ ያለውን የምታውቀው እርሷ ናትና። ነቢያችን እህልን መስፈር በረከት እንደሚያመጣ አስተምረዋል፤ እንግዲህ ለሳምንቱ የሚበቃውን ሰፍራችሁ አውጡ። አሮጌው ሳያልቅ አዲሱን አትንኩ፤ እህሉን በፀሐይ አስጡት፤ ድንቹን ብርሃን በማያገኘው ስፍራ አኑሩት፤ በብርሃን የቆየ ድንች አረንጓዴ ሆኖ ይመራል፣ ጤናንም ይጐዳልና። የተረፈው እንጀራ ሳይሻግት ደርቆ ድርቆሽ ይሁን፤ ባቄላውም አንድ ቀን ንፍሮ፣ አንድ ቀን ቆሎ ሆኖ ይቅረብ። የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት እንደሚበቃ ነቢያችን ነግረውናል፤ የመረቁንም ውሃ አብዝተን ለጎረቤት እንድናካፍል አዘዋል።

ይህን እላለሁ፤ ለእኔም ለእናንተም ከአላህ ምሕረትን እለምናለሁ፤ እርሱ መሓሪ አዛኝ ነውና።

ሁለተኛው ኹጥባ

ምስጋና ለአላህ ይገባው። የአላህ ባሮች ሆይ! ቁጠባን ከንፍገት ለዩ። ገንዘብ ሳያጣ ልጆቹን የሚያስርብ ሰው ይህን ንግግር ምክንያት አያድርግ፤ የሚቀልባቸውን ማጐደል ለሰው በቂ ኃጢአት ነውና። ሚስቱ ካለው አብቃቅታ ያቀረበችለትን ወጥ «ዛሬም ሽሮ?» ብሎ የሚነቅፍ ባልም ነቢያችን ምግብን ነቅፈው እንደማያውቁ ያስታውስ፤ ቢወዱት ይበሉት፣ ባይወዱት ይተዉት ነበር። ነጋዴም ሆይ፣ ለቤተ ሰብ ቀለብ ማኖር የተፈቀደ ነው፤ ሰው ሲራብ ዋጋ እስኪወደድ እህል መደበቅ ግን ኃጢአት ነው።

ከገበያ የተረፈውንም ብር በሦስት ክፈሉት፤ መጀመሪያ ለዱቤያችሁ፣ ቀጥሎ ለችግረኛው ጎረቤት፣ የቀረውንም ለነገው ክረምት። እንዲህ ያደረገ ሰው ቤቱን ከዕዳ፣ እህሉንም ከነቀዝ ያድናል፤ በጌታው ፊትም ስለ ገንዘቡ ሲጠየቅ መልስ ይኖረዋል።

አላህ ሆይ! በሰጠኸን ሲሳይ ባርክልን። ከብክነትም ከንፍገትም ጠብቀን። መንገዳችንን ሰላም፣ ክረምታችንንም የምሕረት አድርግልን። በጎታችን ሥር የሌላው ድርሻ ተረስቶ እንዳይቀር ዓይናችንን ክፈትልን። አሚን።